የነቢዩ ኤልያስ የሥዕል ካርዶች፦ ለሐዋሳ የሕፃናት ክፍል መምህራን

በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል አካባቢ ካሉ የመንፈሳዊ ዕቃ ሱቆች የሚገኘው የነቢዩ ኤልያስ የሥዕል ስብስብ 14 ካርድ ነው። እያንዳንዱ የኤ4 ወረቀት ያህላል፤ ላሚኔት ተደርጓል፤ ንባቡ ከጀርባው ታትሟል። መምህሩ ካርዱን ለልጆቹ እያሳየ ጀርባውን ማንበብ ስለሚችል አሠራሩ የታሰበበት ነው። ሥዕሎቹም ዓይነ ትልልቅ፣ ደማቅ፣ በሀገራችን የአሣሣል መንገድ የተሠሩ ናቸው። ዋጋውን ያወጣል። ግን ከሱቅ እንደወጣ ተይዞ ክፍል የሚገባበት ዕቃ አይደለም፤ ከባድ ጉድለት አለበት።

ከቀላሉ እንጀምር። የኮራት ፈፋ ሐዋሳ አጠገብ ያለውን ጥቁር ውኃን የመሰለ ወንዝ ሆኖ ተሥሏል። ኤልያስ ከዚያ የተነሣው ዝናብ ጠፍቶ ፈፋው ስለደረቀ ነው። ውኃው ግጥም ብሎ ሲፈስ ያየ ልጅ «ታዲያ ለምን ሄደ?» ቢል እውነት አለው። ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ የሚያመጡት ቁራዎችም ምንቃራቸው ረዝሞ፣ አሞራ ገደል ዐሣ ገበያ የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች መስለዋል። የሐዋሳ ልጅ ደግሞ አባ ኮዳን አይስትም፤ ሳቁ እስኪያልፍ መታገሥ ነው።

የሰራፕታዋ መበለት ካርድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሠዓሊው ማድጋውን እስከ አፉ በዱቄት ሞልቶታል። በመጽሐፉ የነበራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነው፤ የተነገራትም ዝናብ እስኪዘንብ አያልቅም የሚል እንጂ ማድጋው ይሞላል የሚል አይደለም። በየቀኑ እጇን ስትከት የዕለቱን ታገኛለች፤ ነገም እንደገና በእምነት እጇን መክተት አለባት። ሞልቶ ከተሣለ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ንባቡ ደግሞ ሰራፕታ የሲዶና ከተማ መሆኗን ዘልሎታል። ሲዶና የንጉሡ የአክዓብ ሚስት የኤልዛቤል አባት የሚገዛው አገር ነው፤ ነቢዩ የተመገበው ከምታሳድደው ንግሥት የትውልድ ምድር ነበር ማለት ነው። ለታላላቆቹ ልጆች ይህን መንገር ተገቢ ነው።

የቀርሜሎስ ካርዶች አራት ናቸው፤ የስብስቡ ምርጥ ክፍልም ይኸው ነው። የመሠዊያው 12 ድንጋይ በትክክል ተሥሏል። ውኃው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሲፈስ ይታያል፤ በመጽሐፉ አራት ጋን ሦስት ጊዜ ነው። በክፍል ለማሳየት ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ ላይ 12 ጠጠር መደርደር፣ በላዩ ጭራሮ ማድረግ፣ ከዚያ አራት የቡና ሲኒ ውኃ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ይበቃል። ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ዝርግ ሳህን ከሆነ ውኃው ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፤ በትልቅ ኩባያ ከሆነም ትሪው ከሁለተኛው ዙር አያልፍም። እሳቱን በቀይ ወረቀት ማሳየት እንጂ ክብሪት መጫር አያስፈልግም። የበኣል ነቢያት በቂሶን ወንዝ የታረዱበት ካርድ ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ባይወጣ ይሻላል። ኤልያስ በአክዓብ ሠረገላ ፊት ወደ ኢይዝራኤል የሮጠበትን ግን አይለፉት። ርቀቱ በግምት ከሐዋሳ ሻሸመኔ ያህላል ሲባሉ ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ትልቁ ጉድለት ቀጥሎ ይመጣል። ካርድ 11 ሩጫው ነው፤ ካርድ 12 የኤልሳዕ ጥሪ። በመካከሉ ያለው፣ የ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ትልቁ ክፍል፣ የለም። ኤልዛቤል ስትዝትበት የሸሸው፣ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን የለመነው ኤልያስ አልተሣለም። የናቡቴ የወይን ቦታም የለም። እሳት ያወረደውን ብቻ ያየ ልጅ ነቢይ ማለት የማይደክም ሰው ይመስለዋል።

ክፍተቱን በሦስት ወረቀት መሙላት ይቻላል። አንደኛው ላይ ዛፉን፣ እንጎቻውንና የውኃ ማሰሮውን ይሣሉ። መልአኩ ሁለት ጊዜ እንደቀሰቀሰው፣ ሁለቱንም ጊዜ ብላ እንጂ ተነሥና ስበክ እንዳላለው ይነገር። ሁለተኛው ላይ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት ይምጡ፤ በመጨረሻ የሚሰማው ትንሽ ድምፅ ስለሆነ ያንን ሥፍራ ባዶ ይተዉት። መምህሩ እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ካደረገ ትምህርቱ ተበላሸ። ሦስተኛው የናቡቴ ነው። ምዕራፉ በተለመደው እትም 21 ሲሆን፣ በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ ትርጉም) ቅደም ተከተል 20 ስለሆነ ልጆች የተለያየ መጽሐፍ ይዘው ቢመጡ አትደንግጡ።

ካርድ 12 ራሱ ሁለት ታሪክ ቀላቅሏል። በ12 ጥማድ በሬ ሲታረስ ኤልያስ መጐናጸፊያውን በኤልሳዕ ላይ የጣለው በጥሪው ቀን ነው፤ ኤልሳዕ ከኤልያስ የወደቀውን መጐናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን የመታው ከዕርገቱ በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ በሬዎቹም ወንዙም አንድ ላይ አሉ። በአንጻሩ የመጨረሻው ካርድ ላይ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ መቀመጡን እንደ ስሕተት የሚቆጥሩ መምህራን ፈጥነዋል። 2ኛ ነገሥት 2 ሠረገላው ሁለቱን እንደለያቸውና እርሱ በዐውሎ ነፋስ እንደወጣ ይናገራል፤ መጽሐፈ ሲራክ 48 ግን የእሳት ፈረሶችን ሠረገላ ከዕርገቱ ጋር አያይዞ ይጠቅሳል። ሠዓሊው መሠረት አለው።

ሲገዙ ካርዶቹን አንድ በአንድ ቈጥረው ይረከቡ። የማንጠልጠያው ቀዳዳ ወደ ጠርዙ ስለተጠጋ በቀጭን ሲባጎ ከታሰረ ቶሎ ይቀደዳል፤ በሰፊ ጥብጣብ ይሻላል። ላሚኔቱ ብርሃን ስለሚመልስም መስኮት ፊት ለፊት አይያዝ፤ ከኋላ የተቀመጡት የሚያዩት ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው።