ያገለገለ ኤስ2000 ልትገዛ ነው? የ2005ቷ ወይስ የ2007ቷ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሁለት የመኪና ማስታወቂያ ላከልኝ። ሁለቱም ሆንዳ ኤስ2000 የምትባለው፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ ስፖርት መኪና ናቸው። አንዷ የ2005፣ አንዷ የ2007 ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀለማቸው አንድ፣ ሞተራቸው ባለ 2.2 ሊትር፣ የሄዱት ማይልም ተቀራራቢ ነው። የ2007ቷ ግን በሦስት ሺህ ዶላር ትበልጣለች። «ጋሼ፣ ልዩነቱ ምንድነው? ዝም ብሎ ዓመት ነው?» ይላል።

ዝም ብሎ ዓመት አይደለም። እዚህ አሜሪካ ኤስ2000 ላይ ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል፣ ማለትም መኪናዋ እንዳትሸሽ የሚጠብቀው ሲስተም፣ የገባው በ2006 ሞዴል ነው። ሆንዳ ቪኤስኤ ይለዋል። ፖርሸ ፒኤስኤም፣ ቢኤምደብሊው ዲኤስሲ፣ መርሴዲስ ደግሞ ኢኤስፒ ይሉታል። ስሙ ይብዛ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ስለዚህ «ስፖርት መኪና ላይ ይህ ነገር ያስፈልጋል ወይ?» ለሚለው ክርክር ከዚህች መኪና የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም። አካሏ ያው፣ ሞተሯ ያው፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋሏ ያው። አንዷ ጠባቂ አላት፣ ሌላዋ የላትም።

ጠባቂው የሚሠራው እንዲህ ነው። መኪናዋ መሪውን ምን ያህል እንዳዞርክ ታነባለች። በሌላ ሴንሰር ደግሞ አካሏ በእርግጥ ወዴት እየዞረ እንደሆነ ትለካለች። ሁለቱ አልገጥም ሲሉ፣ አንተን ሳትጠይቅ አንድ ጎማ ነጥላ ፍሬን ትይዛለች። ካስፈለገም የሞተሩን ጉልበት ትቀንሳለች። ኋላዋ ሊያመልጥ ሲል በኩርባው ውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ትይዛለች። አፍንጫዋ አልታጠፍ ሲል የውስጠኛውን የኋላ ጎማ። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንተ «ኧረ!» ብለህ ሳትጨርስ ነው።

«እኔ መንዳት አውቃለሁ፣ ኮምፒውተር አያስፈልገኝም» የሚል ሰው አያልቅም። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮኑ ሚካኤል ሹማከርም ቢሆን የነበረው አንድ የፍሬን ፔዳል ነው። አራት ጎማ ካለው መኪና ላይ አንዱን ብቻ ለይቶ ፍሬን የሚይዝ እግር እስካሁን አልተፈጠረም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንነጋገር። ቪኤስኤ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበትን አቅም አይጨምርም። ያለውን ያከፋፍላል እንጂ ከየትም አያመጣም። በ60 ማይል መግባት ያለብህን ኩርባ በ90 ከገባህ፣ ኮምፒውተሩ አብሮህ ገደል ይገባል።

ወደ መኪኖቹ ልመለስ። ኤስ2000ን እንደ ሁለት ሳይሆን እንደ ሦስት መኪና ማየት ይሻላል።

የመጀመሪያዋ ከ2000 እስከ 2003 የተሸጠችው ናት። ሞተሯ 2.0 ሊትር ነው፤ ያለ ተርቦ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር ድረስ ይጮኻል። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ሌላ ሞተር ሲሰማ ትንሽ ያዝናል። ችግሩ ኋላዋ ነው። የኋላ ሳስፔንሽኗ ሲጨመቅና ሲለቀቅ የጎማዎቹ አቅጣጫ በትንሹ ይቀያየራል። የኋላ ጎማዎቿም ስፋት 225 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበረ፣ ጎማዋ አስፋልቱን የሚለቀው ቀስ እያለ አይደለም። ድንገት ነው።

ይህንን ያወቅኩት ከመጽሔት አይደለም። የጓደኛዬን የ2001 ሞዴል ቨርጂንያ ውስጥ እየነዳሁ ነበር። ዝናብ እንኳን አይባልም፣ ካፊያ ነው። ከሀይዌይ መውጫው ኩርባ ላይ ነኝ። ፍጥነቴ የሚያስወራ አልነበረም። መሀል ላይ ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ደነገጥኩና እግሬን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሳሁ። በቃ፣ ያደረግኩት ይኸው ነው። ኋላዬ ቀድሞኝ ሄደ። ዞሬ ስቆም የመጣሁበትን መንገድ ፊት ለፊት እያየሁ ነበር። ከኋላ የሚከተለኝ መኪና አለመኖሩ የእግዜር ሥራ ነው። ጓደኛዬ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቃል አልወጣውም። ከዚያ «ቁልፉን አምጣ» አለኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጋደላል። ኋላው ይቀልላል። መሪህ ታጥፎ፣ አስፋልቱ ረጥቦ፣ ኋላው ሲቀልል የቀረውን አንተ ገምት። ደመ ነፍስህ «አንሳ!» የሚልህ ሰዓት ላይ ማንሳት የሌለብህ መኪና ናት። ይህንን ደግሞ የፊት ጎማዋ በሚነዳ ኮሮላ ወይም ካምሪ ላይ የለመደ ሰው በአንድ ቀን አይማረውም።

ሁለተኛዋ የ2004 እና የ2005 ናት። ሆንዳ የሰዎቹን ሮሮ ሰማ መሰለኝ፣ ሳስፔንሽኑን አስተካከለ። ቸርኬውን ከ16 ወደ 17 ኢንች፣ የኋላውን ጎማ ወደ 245 አሳደገ። ሞተሩ 2.2 ሊትር ሆነ። ዙሩ ወደ 8,000 ወረደ፣ በምትኩ ከታች ያለው ጉልበት ጨመረ። ለከተማ መንገድ ይህ ይሻላል። ኋላዋም እንደ ድሮው በትንሽ ነገር አትሸሽም። ነዳጅ መስጫው አሁንም በገመድ ነው የሚሠራው፤ እግርህና ሞተሩ በቀጥታ ይነጋገራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ልቤን ጠይቁት ካላችሁ የምወዳት ይህችን ነው።

ሦስተኛዋ ከ2006 እስከ 2009 ያለችው ናት። ሜካኒካዊ ልዩነቷ ጥቂት ነው። ገመዱ ቀርቶ ነዳጅ መስጫው በኤሌክትሮኒክስ ሆነ፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ራሱ መቀነስ መቻል አለበት። ቪኤስኤም ገባ። የገመዱ ወዳጆች «ስሜቷ ጠፋ» ይላሉ። ትንሽ እውነት አላቸው፣ ብዙ ግን ያጋንናሉ።

ታዲያ የእኔን የካፊያ ቀን በ2007ቷ ብደግመውስ? እንደሚመስለኝ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ መብራት ብልጭ ይላል፣ ከሥር የፍሬን ድምፅ ይንኮሻኮሻል፣ እኔም ደንግጬ ቤቴ እገባለሁ። ሦስት ሺህ ዶላሩ የሚገዛው ይህንን ነው።

የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነጥብ የውድድር ትራክ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ሲስተሞች እንደ ዛሬዎቹ ብዙ ደረጃ የላቸውም። ትራክ ላይ ትንሽ መንሸራተት ፍጥነት ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አደጋ መስሎት ይይዝሃል። ደጋግሞ ፍሬን ሲይዝ ፍሬን ሸራውም ይግላል፣ ይበላል። እውነት ነው። ግን ማጥፊያ ቁልፍ አለው! ትራክ ስትገባ ታጠፋለህ፣ ስትወጣ ታበራለህ። የ2005ቷ ላይ ግን ሲዘንብ የምታበራው ነገር የለም። ከጊዜ በኋላ ላስገጥም ብትልም በኪስህ አይሆንም። ሴንሰሩ፣ የፍሬን ፓምፑ፣ ኮምፒውተሩ፣ ነዳጅ መስጫው ሁሉ ይቀየራል ማለት ነው።

ፋብሪካ ከፈለገ ይችላል። ኦዲ በ1998 ያወጣት ቲቲ ጀርመን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ስትነዳ ኋላዋ እየሸሸ ሰው የሞተባቸው አደጋዎች ደረሱ። ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ሳስፔንሽኑን አስተካከለ፣ ከኋላ ትንሽ ክንፍ ለጠፈባት፣ ይህንኑ ሲስተም (ኢኤስፒ) ጨመረላት። ያቺ ክንፍ የመኪናዋን ውበት አበላሸች የሚሉ ነበሩ። ይበሉ።

ቁጥር ለሚፈልግ ደግሞ፣ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2007 ሕጉን ሲያወጣ ይህ ሲስተም በተራ መኪና ላይ የአንድ መኪና ብቻ አደጋን በ34 በመቶ፣ በኤስዩቪ ላይ በ59 በመቶ እንደሚቀንስ ገምቶ ነበር። የአንድ መኪና ብቻ አደጋ ማለት ማንም ሳይነካህ ራስህ ከመንገድ ስትወጣ ነው። ስፖርት መኪና የገዛ ሰው በብዛት የሚወጣው እንደዚያ ነው። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ እዚህ አገር ለሽያጭ የቀረበ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ አለበት። ያለዚህ ነገር በመሸጥ ትኮራ የነበረችው ዶጅ ቫይፐር እንኳን በ2013 ስትመለስ ተጭኖባት ነው የመጣችው። ስለዚህ ክርክሩ የሚመለከተው ያገለገለ የሚገዛውን ብቻ ነው።

ኤስ2000 ካልሆነም ያው ጥያቄ ይከተልሃል። ኮርቬት ሲ5 (አምስተኛው ትውልድ) ከሆነ ከ2001 ወዲህ ያለው ሁሉ አለው፤ ከዚያ በፊት ያለው ገዢው ሲያዝ ካስጨመረ ብቻ ነው። የፖርሸ 911 ከ2005 የመጣው 997 ላይ መደበኛ ነው፤ በፊት ያለው 996 ላይ ግን አንዱ አለው፣ አንዱ የለውም። ኒሳን 350ዜድም እንደ ደረጃው ይለያያል። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን አትመን፣ ቁልፉን በዓይንህ እይ።

እኔ የምመክረው ይህ ነው። በየቀኑ ሥራ የምትሄድባት፣ ዝናብም ሆነ ብርድ የምታወጣት ከሆነች፣ ወይም በኋላ ጎማ የምትነዳ የመጀመሪያ መኪናህ ከሆነች፣ ከ2006 ወዲህ ያለችውን ግዛ። ቅዳሜና እሁድ ፀሐይ ስትወጣ ብቻ ለምትነዳት፣ ትራክ ላይ አስተማሪ ጎንህ አስቀምጠህ ለተማርከው ሰው የ2004 እና 2005ቷ ውድ ዕቃ ናት፤ የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላይ አውለው። ከ2000 እስከ 2003 ያለችውን ለእህቴ ልጅ አልመክርም። ለሌላ ሰው ልጅም አልመክርም።

ለማየት ስትሄድ ሁለት ነገር አትርሳ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ስታዞር የቪኤስኤው መብራት መብራት አለበት፤ ከተነሳ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን ያወጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ጎማ ነው። ጎኑ ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ የመጀመሪያ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ያረጀና የደረቀ ጎማ ላይ የተገጠመ ቪኤስኤ መፍረድ እንጂ ማዳን አይችልም። የአራቱም ጎማ ልክ ፋብሪካው ለፊትና ለኋላ ያዘዘው፣ ዓይነቱም አንድ ይሁን፤ ካልገጠመ ሴንሰሮቹ ራሳቸው ይደናገራሉ።

የ2007ቷን ሻጭ የጎማውን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልን ጠየቅነው። የግራው የኋላ 2311 ይላል። በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «ብዙ ስላልተነዳች ጥርሱ ሙሉ ነው» ብሎ ጻፈልን። አራት ጥሩ ጎማ እስኪገጠም ወደ አንድ ሺህ ዶላር ይጠጋል። «ከሦስት ሺው ላይ አንዱን ሺ ቀንስልን በለው፣ ከዚያ ቅዳሜ አብረን ሄደን እናያታለን» አልኩት የእህቴን ልጅ።