አንብበው ለሚያባዙልን እናት ምስጋና፤ ለአራት ኪሎና ለአካባቢው ወላጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ከሚያወርደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠሩ እናትን በአደባባይ ለማመስገንና አገልግሎታቸውን በአካባቢው ልጆች ለሚያስተምሩ ወላጆች ለመጠቆም ነው። ልጆቼ የ2013 ዓ.ም. ካርዳቸውን ተቀብለው የመጡ ዕለት ከመምህሮቻቸው ቀጥሎ ትዝ ያሉኝ እኚህ እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ እኔም የሰፈሩ ልጆች እንደሚጠሯቸው «እትዬ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጉ ታላቁ ልጄ የአራተኛ ክፍል፣ ታናሿ ደግሞ የአፀደ ሕፃናት ተማሪ ነበሩ። ሁለቱም እንደ አብዛኞቹ ልጆች የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳይፈተኑ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወሩ። በ2013 ትምህርት ዘግይቶ ሲጀመር በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎች ቁጥር መቀነስ ስለነበረበት ልጆቹ ቀን ለቀን እየተፈራረቁ እንዲማሩ ተደረገ። በእኛ ቤት ወንዱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሴቷ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆነባቸው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል ቢባልም ለእያንዳንዱ ልጅ የሳምንቱ ግማሽ ዝግ ነበር፤ እኔም በሥራ ቀናት ሁሉ አንድ ልጅ እናቴ ዘንድ ትቼ ፒያሳ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤቴ እሄድ ነበር።

የቤቱን ቀን ለመሸፈን መምህራኑ መልመጃ በቴሌግራም ይልኩልን ነበር። መምህራኑን አልወቅስም፤ ብዙዎቹ ከራሳቸው ኪስ ካርድ እየሞሉ፣ በራሳቸው ስልክ ፎቶ እያነሱ ነበር የሚልኩት። የሚደርሰን ግን ጥላ ያረፈበት፣ ጎኑ የተቆረጠ፣ አንዳንዴም የተገለበጠ ገጽ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመሥሪያ ቤቴ በሚቀርብ አንድ ሱቅ አሳትም ነበር፤ የተቀበሉትን እንዳለ አትመው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ጥቁር ወረቀት ይሰጡኝ ነበር። ልጄ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጥያቄውን ለማንበብ ሲታገል ካየሁ በኋላ ነው ሌላ ቦታ መፈለግ የጀመርኩት።

እትዬ ጋ የሄድኩት የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መልመጃ በስልኬም ሆነ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ በመጣ ጊዜ ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ተብዬ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ተመለከቱትና «ልጄ፣ ይሄ አልተበላሸም፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ተጽፎ ነው» አሉኝ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒዩተር በአንድ ወጥ መንገድ በሚመዘግበው ሥርዓት ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ቢሆንም ከዚያ በፊት በነበሩት የመጻፊያ ፕሮግራሞች የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በእነዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ያው የፊደል ቅርጽ (ፎንት) በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የሚታየው የተተካበት የላቲን ፊደል ነው። እትዬ የድሮዎቹን የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ቅርጾች በኮምፒዩተራቸው ላይ ጠብቀው አኑረዋል። ፊደሉን መልሰው በትክክል አስነበቡት፣ በአዲሱ ሥርዓት እንደገና ጻፉት፣ ለመምህርቷም መልሼ እንድልክላት ፋይሉን ሰጡኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ክፍል ወላጆች ሁሉ የሚነበብ መልመጃ ይደርሳቸው ጀመር።

ይህን ችሎታ ከየት እንዳገኙት የተረዳሁት ቆይቼ ነው። እትዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሠርተዋል፤ በአማርኛ ታይፕራይተር ጀምረው በኮምፒዩተር ጨርሰዋል። በዚያ ሥራ አንድ ፊደል የተሳሳተ እንደሆነ ገጹ በሙሉ እንደገና ይጻፍ ስለነበር ከእጃቸው የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ልማድ ሆኖባቸዋል። እኔ የማመሰግናቸው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። የሚያባዙትን ያነባሉ።

በማንበባቸው የተገኘውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ እሑድ የአምስተኛ ክፍል የተቀናጀ ሳይንስ መልመጃ ሲያትሙልኝ ከ11ኛው ጥያቄ ቀጥሎ 17ኛው መምጣቱን አዩ። ሦስተኛው ገጽ ሁለት ጊዜ ተልኮ አራተኛው ቀርቶ ነበር። ወዲያው ለመምህሩ እንድደውል አደረጉኝ፤ መምህሩም ይቅርታ ጠይቆ ገጹን ላከ። እኔ ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ከእኔ በፊት ያንኑ መልመጃ የወሰዱትን ወላጆች በደብተራቸው ላይ መዝግበው ስለነበር የጎደለውን ገጽ ለእያንዳንዳቸው አባዝተው፣ በየስማቸው አጥፈው አስቀመጡላቸው። ለተጨማሪው ገጽ ከማንም ሳንቲም አልተቀበሉም።

የታናሿ ልጄ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነበር። ፊደል በደንብ በምትለይበት ዓመት አጋማሽ ላይ ትምህርት ተቋርጦባት አንደኛ ክፍል ስትገባ ሀሁሂሃን እንደ ዜማ ትወርደዋለች፤ ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥዬ ሳሳያት ግን ከመጀመሪያው ተነሥታ እየቆጠረች ካልደረሰችበት አታውቀውም። በእኔ እምነት ገና ማንበብ ያልቻለን ልጅ በወረቀት ብቻ አስተምሩ ማለት ከባድ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ለእትዬ አጫወትኳቸው፤ እኔ ጭንቀቴን ለመተንፈስ እንጂ መፍትሔ ፍለጋ አልነበረም። እሳቸው ግን በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ስለሆኑ የኔታ ሀሁን ካስጨረሷቸው በኋላ አቡጊዳን ያስጀምሯቸው እንደነበር ነገሩኝ። በአቡጊዳ ፊደሉ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ከየቤቱ አንዳንድ እየተነሣ ስለሚሄድ ልጁ ዜማውን ተከትሎ ሊሸመድደው አይችልም፤ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ መለየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተን ይሆናል፤ እኔ ግን ለምን እንደተደረገ ያሰብኩት ያን ዕለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ የፊደል ገበታውን በትልልቁ ጽፈው፣ በወፍራም ወረቀት አትመው፣ እያንዳንዱን ፊደል በመቀስ ቆራርጠው በፖስታ አስቀምጠውልኝ ነበር። «ሁሉንም በአንድ ቀን አትስጫት። ከሦስት ቤት ጀምሪ፣ አደባልቂው፣ የስሟን ፊደላት መጀመሪያ ትፈልግ» ብለው አዘዙኝ። ልጄ በመጀመሪያው ምሽት የስሟን፣ በሁለተኛው የወንድሟን ስም ፊደላት ለቅማ ምንጣፍ ላይ ደረደረች። ከገና በፊት አጫጭር ቃላትን፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ የመማሪያ መጽሐፏን አንቀጾች ማንበብ ችላለች። መምህርቷ በክፍል ውስጥ የደከመችውን ድካም አልዘነጋም፤ በቤት የዋሉት ቀናት የክፍሉን ትምህርት የሚያስረሱ ሳይሆን የሚያጸኑ እንዲሆኑ ያደረገው ግን ያ ፖስታ ነው።

ትልቁ ፊደል ያልጠበቅሁትን ሌላ መልካም ነገርም አመጣ። እናቴ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ እኔን ታቅፋ፣ ማታ ማታ እየሄደች ነው። ታነባለች፤ ዓይኗ ግን በስልክ የተነሣ ደቃቅ ጽሑፍ አይችልም። ስለዚህ በቤት ቀናት ልጆቹን ትጠብቃለች እንጂ አታስጠናም ነበር፤ ይህም እያሳፈራት ዝም ትል እንደነበር በኋላ ነው የተረዳሁት። እትዬ ይህን ሲሰሙ የአንደኛ ክፍሉን መልመጃ በሙሉ ፊደሉን አጉልተው፣ በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ብቻ እያደረጉ ያዘጋጁልኝ ጀመር። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጥያቄውን ጮክ ብላ ስታነብ፣ ልጄ ስትመልስ፣ ወንድሟ ከዳር ሆኖ ሲያርም ማየት በዚያ አስጨናቂ ዓመት ቤታችን ያገኘው ታላቅ ደስታ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ እናቴ «ዛሬ እስከ ገጽ ሁለት ደርሰናል» ትለኛለች፤ «ደርሰዋል» አትልም።

እትዬ ጋ የሚመጡት ሁሉ ስማርት ስልክ ያላቸው አይደሉም። እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ በቴሌግራም ምን እንደተላከ የማያውቁ እናቶች አሉ። ለእነሱ የየክፍሉን መልመጃ በክላሰር ለይተው፣ የክፍሉን ቁጥር ጀርባው ላይ በትልቁ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ እናትየዋ የልጇን ክፍል ከተናገረች የሳምንቱን መልመጃ ይዛ ትሄዳለች። የመክፈያ አቅም ያጡትን ለይተው እንደሚያውቁ አስተውያለሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት ግን ማንንም «ለአንቺ በነጻ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፈው ይሰጣሉ፣ «በኋላ እንተሳሰባለን» ይላሉ።

ለልጆችም ጥብቅ ናቸው። ወንዱ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎራ ብሎ የሒሳቡን የመልስ ወረቀት እንዲሰጡት ጠይቋቸው ነበር። «እናትህ ትምጣ፤ የሠራኸውን ይዛ» ብለው መለሱት። እሱ ተቆጥቶ መጣ፤ እኔ በጣም ተደሰትኩ። ከዚያ በኋላ የመልስ ወረቀት የሚሰጡኝ ለብቻው አጥፈው ነው።

ዋጋቸው በእኔ ጊዜ ለአንድ ገጽ 1 ብር ነበር፤ አንድ ደስጣ ወረቀት በየወሩ ሲወደድም በተማሪ መልመጃ ላይ አልጨመሩም። በወረርሽኙ ወራት ወረፋውን ከደጅ አድርገው፣ ያለ ማስክ ማንንም ሳያስተናግዱ፣ ወረቀቱን በመስኮት እያቀበሉ ሠርተዋል። መብራት የሚጠፋ ሲመስላቸውም የማግሥቱን መልመጃ በዋዜማው ያትሙት ነበር።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው እንዳይቸገር ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ መቀመጫ የለም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ጠዋት ወረፋው ይረዝማል። በዓመት በዓላት ይዘጋሉ። የቀለም ኅትመት አይሠሩም። ሥራቸውን እያነበቡ ስለሚሠሩ ለጥድፊያ አይመቹም፤ የተቸኮለ ሰው ፋይሉን አስቀድሞ በቴሌግራም ቢልክላቸው ይሻላል። መልመጃ የሚልኩ መምህራንም ፎቶ ከማንሳት ይልቅ የጻፉትን ፋይል ራሱን ቢልኩላቸው እትዬ አስተካክለው ለሁሉም የሚበቃ ጥሩ ቅጂ ያወጡላቸዋል፤ ይህን ለትምህርት ቤታችን ወላጆች ኮሚቴም ነግሬያለሁ። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፈቃዳቸውን ስለጠየቅሁ እልክለታለሁ።

እትዬ፣ ይህን ጽሑፍ አትሜ በመጪው ሳምንት አመጣልዎታለሁ፤ የፊደል ስሕተት ካለበት እንደሚያርሙልኝ አውቃለሁ። ፖስታው ውስጥ የነበሩት ፊደላት አንድም አልጠፉም። ልጄ ለጎረቤታችን ሕፃን ልታስተምርባቸው ስለጠየቀችኝ ፈቅጄላታለሁ። ለእኔም፣ ለእናቴም፣ ለልጆቼም ስላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።