መጽሐፌን የት ላሳትም? ውጭ፣ አዲስ አበባ ወይስ በራሴ ኪስ

የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቱን መጽሐፍ ሊያደርግ ያሰበ ወዳጅ ደሴ ፒያሳ ቡና ሲጋብዘኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው። ማን እንዲያነብልህ ትፈልጋለህ?

የዓለም ምሁራን ካልክ፣ የውጭ አሳታሚ ነው። ፕሮፖዛልና አንድ ሁለት ምዕራፍ ትልካለህ። ገምጋሚዎች ያብጠለጥሉታል። አርም፣ መልሰህ ላክ ሲሉህ ሁለት ዓመት እንደ ዋዛ ያልፋል። ስሙ ግን ስም ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፉትን ጥናት በኔዘርላንድስ ሌይደን ያለው አሳታሚ ብሪል በ2001 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ችግሩ ዋጋው ላይ ነው። የእነዚህ አሳታሚዎች ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ 100 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። የወሎዋ የሐይቅ ከተማ አስተማሪ ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን በምን አቅሙ ይግዛው?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስም በገምጋሚ ያስፈትናል። ወረፋው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ መጽሐፉ ግን በብር ይሸጣል። ወሎ ላይ ለጻፈ ሰው የእኔ ምርጫ ይሄ ነው።

በራስ ኪስ ማሳተም ፈጣን ነው። የመጽሐፉን መለያ ቁጥር (አይ ኤስ ቢ ኤን) ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ታወጣለህ፣ ማተሚያ ቤቱን ትከፍላለህ፣ መብቱም ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ከዚያ ካርቶኑን ከአዲስ አበባ አስጭነህ 400 ኪሎ ሜትር ደሴ ድረስ ታመጣና አልጋ ሥር ትደረድረዋለህ። ሻጩም አከፋፋዩም አንተ ነህ። ዩኒቨርሲቲህን የማዕረግ ዕድገት ስትጠይቅ ደግሞ «ማን ገመገመው?» ይሉሃል። ቢያንስ አርታዒ ቅጠር፤ የገዛ ግድፈትህን የገዛ ዐይንህ አያይም።

«የመመረቂያ ጽሑፍህን እናሳትምልህ» የሚለውን ኢሜይል ከምርጫ አልቆጥረውም። አንድ ወዳጄ በሦስት ቀን ተቀባይነት አግኝቶ ጮቤ ረገጠ። ገምጋሚም አርታዒም አልነካውም። ያተረፈው ቢኖር የራሱን መጽሐፍ በዩሮ ግዛ መባል ነው። በኋላ ደህና አሳታሚ ሲጠይቅ፣ ታትሟል ብለው መለሱት።

የትም ብትሄድ የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳለ አትላክ። የቀደሙ ጥናቶች ቅኝቱንና የአጠናን ዘዴውን ምዕራፍ ቆርጠህ ጣል። እነሱ ለፈታኞችህ የተጻፉ ናቸው።

ውጭ ከሆነ ደግሞ ውሉን ሳትፈርም የአማርኛ ትርጉም መብት ለአንተ እንዲቀር ጠይቅ። በእኛ ሕግ የቅጂ መብት በሕይወት ዘመንህና ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ በአንድ ፊርማ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። መብቱ በእጅህ ካለ እንግሊዝኛው ለምሁራኑ ይሄዳል፣ አማርኛውን እዚሁ አሳትመህ ለሐይቁ አስተማሪ ትሰጠዋለህ።