ከድረ ገጽ ዳታ ለመልቀም፦ ሬጌክስ ወይስ ቢዩቲፉል ሱፕ?

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከአንድ ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ለመልቀም ስትነሱ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሬጌክስ፣ ማለትም ጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ቅርጽ ያለውን ነገር ፈልጎ ወደሚያወጣው የፍለጋ ቀመር ነው። አይፈረድባችሁም። ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣል፣ የሚጫን ነገር የለም፣ ፈጣን ነው። ኢሜይል ወይም ቀን ብቻ ከሆነ የምፈልገው እኔም እሱኑ ነው የምጠቀመው።

ጣጣው ታጎቹ ላይ ነው፤ ማለትም እንደ ዲቭና ስፓን ያሉት፣ የገጹን ክፍሎች የሚከፍቱና የሚዘጉ የኤችቲኤምኤል ምልክቶች ላይ። ሬጌክስ ገጹን የሚያየው እንደ ተራ የፊደል ድርድር ስለሆነ፣ ዲቭ ውስጥ ሌላ ዲቭ ካለ የትኛው መዝጊያ የየትኛው መክፈቻ እንደሆነ አያውቅም፤ ነጥብና ኮከብ (.*፣ «ምንም ይሁን፣ የፈለገውን ያህል ይርዘም» እንደማለት) ከጻፋችሁለት ደግሞ ስግብግብ ነውና መስመሩ ላይ ካለው የመጀመሪያ መክፈቻ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። የጥያቄ ምልክት (.*?) ስትጨምሩለት ይረጋጋል። ግን የገጹ ባለቤት ድርብ ጥቅሱን በነጠላ የቀየረ ቀን፣ ወይም ክላሱን ከአይዲው (ታጉ ላይ የሚጻፉ መለያዎች ናቸው) ያስቀደመ ቀን፣ ሌሊቱን የደከማችሁበትን መስመር ውሃ በላው።

ቢዩቲፉል ሱፕ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ግን ገጹን ወደ ዛፍ ይቀይረዋል፣ ታግ በታግ ውስጥ እንደ ቅርንጫፍ ተደርድሮ። «ክላሱ ፕራይስ የሆነውን ስፓን ሁሉ አምጣ» ትሉታላችሁ፣ ያመጣል። ያልተዘጋ ታግ ቢያገኝም አያኮርፍም። በፒፕ (በፓይተን ላይብረሪ መጫኛ) መጫን አለበት፣ ከሬጌክስም ይዘገያል፤ ኤልኤክስኤምኤል የተባለውን ፈጣን የገጽ አንባቢ ከሥሩ ስታደርጉለት ግን ይሻሻላል። ዳታውን ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ኮድ፣ ዘግይቶ የሚያመጣው ከሆነ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ብራውዘሩን ራሱን የሚነዳ መሣሪያ፣ ሴሌኒየም ወይም ፕሌይራይት ነው።

እኔ? ዛፉን በሱፕ እወርዳለሁ፣ «1,250 ብር» የሚል ሳገኝ ቁጥሩን በሬጌክስ እነጥላለሁ።