ሰርፍቦርድ 8200፦ ሲነሳ ቁጭ ብዬ የማየው ሞደም

አሪስ ሰርፍቦርድ 8200ን ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። በዶክሲስ 3.1 (ኢንተርኔት በቴሌቪዥን ኬብል የሚተላለፍበት የቴክኒክ ደረጃ) የሚሠራ የኬብል ሞደም ነው። ዋይፋይ የለውም፤ ራውተር ለብቻው ያስፈልጋችኋል። ፍጥነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔን የማረከኝ ግን አነሳሱ፣ ማለትም ሲበራ ከመስመሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው።

ፊቱ ላይ አራት መብራቶች አሉት፦ የኃይል፣ የመቀበያ፣ የመላኪያና የኢንተርኔት። ሶኬት ላይ ስሰካው የመቀበያው ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ጊዜ ሞደሙ ፍሪኩዌንሲዎችን አንድ በአንድ እየፈተሸ የኢንተርኔት አቅራቢውን ቻናል እየፈለገ ነው። ሲያገኘው መብራቱ ይረጋል።

ቀጥሎ የመላኪያው ተራ ነው። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ሞደሙ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ኃይል «አለሁ» ይላል። መልስ ካጣ ከፍ አድርጎ ይደግማል። ወዲያ ማዶ ያለው የአቅራቢው መሣሪያ ሲሰማው «ትንሽ ቀንስ፣ ሰዓትህን ይህን ያህል አስተካክል» እያለ ያርመዋል። ሁለቱ እስኪግባቡ እንዲህ ይመላለሳሉ። ከዚያ አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ይሰጠዋል፣ የማዋቀሪያ ፋይሉን ያወርዳል፣ ይመዘገባል። የከፈላችሁበት የፍጥነት ገደብ የተጻፈው እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ሞደሙ የቱንም ያህል አቅም ቢኖረው ከዚያ አያልፍም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ተቸግሬ ነው። በሁለተኛው ወር መስመሩ በስብሰባ መሃል ይቋረጥብኝ ጀመር። ሞደሙ እንደገና ሲነሳ መቀበያው ቶሎ ይረጋል፤ መላኪያው ላይ ግን ይንጠለጠላል። አቅራቢዬ ጋ ስደውል መልሱ ሁሌ «አጥፍተው ያብሩት» ነበር። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ብራውዘር ላይ 192.168.100.1 ብዬ የሞደሙን ገጽ ከፈትኩ።

ጉዱ እዚያ ተዘርግቷል። የእያንዳንዱ የመነሻ ደረጃ ሁኔታ ለየብቻው ተጽፏል። መዝገቡ ላይ «ቲ3» የሚል መስመር ተደርድሯል፤ ጠራሁ፣ መልስ አጣሁ ማለት ነው። የመላኪያው ኃይል 51 ዲቢኤምቪ (በዲሲቤል የሚቆጠር የሲግናል ኃይል መለኪያ) ደርሷል፤ ጣሪያው አካባቢ ማለት ነው። የመቀበያው ደግሞ ወደ -9 ወርዷል። ምስኪን ሞደም፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እየጮኸ የሚሰማው አጥቷል!

ኬብሉን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባለ አራት መውጫ ስፕሊተር፣ ማለትም አንዱን ኬብል ለብዙ የሚከፍል ዕቃ አገኘሁ። የሚሠራበት መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። እንዲህ ያለው ስፕሊተር ከሲግናሉ ኃይል በአማካይ ሰባት ዲሲቤል ይበላል። ነቅዬ ኬብሉን በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኘሁትና አጥብቄ አሰርኩት። መላኪያው 44፣ መቀበያው -2 ሆነ። ልክ ሰባት ሰባት! ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ተቋርጦብኝ አያውቅም።

መግዛት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ አቅራቢያችሁ የሚቀበለው ሞዴል መሆኑን ጠይቁ፤ ካልመዘገበላችሁ ሞደሙ ቢነሳም ኢንተርኔት አታገኙም። ከገባላችሁ በኋላ ደግሞ በደህና ቀን ገጹን ክፈቱና ቁጥሮቹን ያዙ። የእኔን በወረቀት ጽፌ የሞደሙ ጎን ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።