ቨርቹዋል ማሽኑ ባለ 4ኬ ሞኒተር ላይ፦ የስድስት ወር ተጠቃሚ አስተያየት

ሥራዬ የአማርኛ ጽሑፍ ማረም ነው። የማረምበት ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ብቻ ስለሚሠራ፣ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተሬ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ሌላ ሲስተም የሚያስነሳ ሶፍትዌር) ጭኜ መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በፍጥነቱ አልከፋሁም። ቶሎ ይነሳል፣ ፋይል ያለ ጣጣ ይቀባበላል፤ ስናፕሾቱ (የማሽኑን ሁኔታ እንዳለ አስቀምጦ በኋላ ወደ እሱ የሚመልሰው) ሁለት ጊዜ ሥራዬን ከመጥፋት አትርፎልኛል። ያማረረኝ ስክሪኑ ነው።

የድሮው ሞኒተሬ 24 ኢንች፣ 1920 በ1080 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ትናንሽ ነጥቦች) ነበር፤ በእሱ ላይ ምንም አላስቸገረኝም። 27 ኢንች፣ 3840 በ2160 (4ኬ የሚባለው) በሆነው ስቀይረው ግን ሜኑው ሁሉ ከጉንዳን አነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በድሮው በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ፒክሰል ነበር፣ በአዲሱ 163 ያህል ገባ። በፒክሰል የተለካ ፊደል ፒክሰሉ ሲያንስ አብሮ ያንሳል።

ሶፍትዌሩ ራሱ ምስሉን የሚያሳድግ ሴቲንግ አለው፤ 150 በመቶ አደረግሁት። ፊደሉ አደገ፣ ግን ደበዘዘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ መነጽሬን እስከ ማስመርመር ደርሻለሁ። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ቅጥያ መሃል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው። ያቺ ቅጥያ ግራጫ ጭጋግ ሆነች። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም ተመሳሰሉብኝ። ለአራሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ እያነበብኩ እንኳ ስህተት አመለጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ150 በመቶ አንድ ፒክሰል በአንድ ተኩል ፒክሰል ላይ ማረፍ አለበት። ግማሽ ፒክሰል የሚባል ነገር ስለሌለ ቀለሙ ከጎረቤቱ ጋር ይቀየጣል። 200 በመቶ ቢሆን አንዱ አራት ይሆናል፤ ጠርዙ አይደበዝዝም፣ ፊደሉ ግን ሻካራ ነው፤ ባለ 4ኬ ሞኒተር ይዞ የድሮውን ስክሪን እንደማየት።

የሚሻለው ማሳደጉን ለውስጡ ሲስተም፣ ማለትም ለሊኑክሱ፣ መተው ነው። የሶፍትዌሩን ማሳደጊያ ወደ 100 መለስኩት፤ ዊንዶውስም መስኮቱን እንዳይለጥጥ በፕሮግራሙ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ስር፣ የዲፒአይ ስኬሊንጉን (የምስል ማሳደጉን) ለፕሮግራሙ ተውኩት። ከዚያ የገስት ድራይቨሮቹን (ሊኑክሱን ከቨርቹዋል ማሽኑ ስክሪን ጋር የሚያግባቡትን) ጭኜ ሊኑክሱን 3840 በ2160 ሰጠሁት፣ ስኬሊንጉንም እዚያው ውስጥ 200 በመቶ አደረግሁ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ስክሪኑ ጠቆረ። ለካስ የተመደበለት ቪዲዮ ሜሞሪ 16 ሜጋባይት ብቻ ነበር! በዚህ ሪዞሉሽን (የፒክሰል ብዛት) አንዱ ምስል ብቻውን፣ ለእያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ሲታሰብ፣ 33 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል። ወደ 128 ከፍ ሳደርገው ተነሳ። ፊደሉ እንደታተመ መጽሐፍ ጠራ፤ የ«ሲ» ቅጥያ ከነማዕዘኗ ትታያለች። ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ላፕቶፑን ከሞኒተሩ ስነቅለው ግን ጣጣው ይመለሳል። የላፕቶፑ ስክሪን 14 ኢንች፣ 1920 በ1080 ነው፤ ውስጡ ያለው 200 በመቶ እንዳለ ስለሚቀር አንዱ መስኮት ስክሪኑን ሞልቶ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ከታች ይሰወራል። በየጊዜው በእጅ መለወጥ አለብኝ። ለአምራቹ ጽፌ ነበር፤ የመጣልኝ መልስ «ሪዞሉሽኑን ይቀንሱ» የሚል ነው። ይህን መልስ አልቀበልም። የስክሪን መቀየርን ለውስጡ ሲስተም ማሳወቅ የእነሱ ድርሻ ነው፣ ተጠቃሚውም ደጋግሞ ሊጠይቃቸው ይገባል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አንድ ሞኒተር ላይ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው፣ ከላይ ያለውን አንድ ጊዜ ካስተካከለ፣ ያለ ስጋት ይጫነው። እንደ እኔ ላፕቶፕ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ግን ለጊዜው አልመክርም። እኔ ሁለት ስናፕሾት አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ በ200፣ አንዱ በ100። ጽሑፎቹን በጋራ ፎልደር ውስጥ ስለማስቀምጣቸው፣ ከቤት ከመውጣቴ በፊት የ100ውን አስነሳለሁ።