ስላይድ ወይስ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር?

የፕሮስቴት ናሙና በተለመደው መንገድ ሲመረመር ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ውፍረት ተቆርጦ፣ ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ቀለም ይቀባል። የሴሉ ኒውክሊየስ (እምብርት) ሰማያዊ፣ የቀረው ሮዝ ይሆናል። ርካሽ ነው፤ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ የፓቶሎጂስቱም ዓይን ለምዶታል። ችግሩ፣ በፕሮስቴት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አመንጪ እጢ ቅርንጫፍ ያለው ቱቦ ሆኖ ሳለ የሚታየው ክብ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክቦች የአንድ ቱቦ ይሁኑ የተለያዩ፣ አንድ ስላይድ አይናገርም።

ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በመነጽር ውስጥ ምስሉን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው) የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ተከታታይ ቁራጮች በኮምፒውተር ይደራረባሉ፤ ወይም ናሙናው በኬሚካል ብርሃን አሳላፊ ተደርጎ በሌዘር ይቀረጻል። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ቱቦውን እስከ ጫፉ መከተል ነው። ታዲያ ዝግጅቱ ረጅም፣ ፋይሉ ግዙፍ ነው። አንዳንዱን ሰውም ራሱን ያዞረዋል።

ለዕለት ምርመራ ስላይዱን እመርጣለሁ። ለማስተማር ግን ቪአሩ ይሻላል፣ ያውም በብዙ።